ጠፈጠፉ ወዴት ይሂድ? የአንድ ክረምት የቤት ሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 3

ትናንት ማታ ጣሪያው ሦስት ቦታ አፈሰሰ። አንዱ ልጆቹ አልጋ ላይ፣ አንዱ ቁም ሳጥኑ ጥግ፣ ሦስተኛው ከእናቴ አልጋ ግርጌ። ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ተነሥታ ሳፋውን ለልጆቹ፣ ጆጉን ለቁም ሳጥኑ አደለች፤ ለእናቴ የደረሳት የሊጡ ባልዲ ነው። ጠዋት ለሊጡ ሌላ ዕቃ ስንፈልግ ቁርስ ዘገየ።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር ነው። አባቴ በ1994 ዓ.ም. የሠራው፣ ግድግዳው ባሕር ዛፍና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፤ 6 ሜትር በ8 ሜትር። ጣሪያው ግማሹ ወደ ፊት፣ ግማሹ ወደ ጓሮ ይፈሳል። እዚህ ክረምት ሲገባ ጠዋት ብራ ሊሆን ይችላል፤ ግን በስተሰሜን የጮቄን ተራራ ደመና ከደፈነው ከሰዓት በኋላ የተሰጣ ነገር ሁሉ መነሣት አለበት። ይህን የማያውቅ የሠፈሩ ልጅ የለም፤ እኔ ግን በየዓመቱ እረሳዋለሁ። ይህን ማስታወሻ የምይዘውም ለዚሁ ነው። አምና ምን እንደሠራሁ፣ ምኑ እንደያዘና ምኑ እንዳልያዘ ዘንድሮ በወጉ አላስታውስም።

ዕቅድ፦ ቀዳዳዎቹን መድፈን፣ በጓሮ በኩል አሸንዳ መስቀል፣ ውሃውን በበርሜል ማጠራቀም።

እናቴ ዕቅዱን ሰምታ “በመጀመሪያ የኋላውን ቦይ ጥረግ” አለችኝ። ቦዩ አባቴ የቆፈረው ነው፤ አሁን በደለልና በሣር ተሞልቶ መኖሩ እንኳ አይታወቅም። “እማዬ፣ ቦዩ ራሳችን ላይ አያንጠባጥብም” አልኳት። ዝም አለች።

ሰኔ 5

የቀዳዳ ፍለጋ። ኮርኒሳችን የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ ስለሆነ በአንድ በኩል ፈታሁት። ቀትር ላይ መስኮቱንና በሩን ዘግተን ወደ ላይ ስናይ ብርሃን በየሚስማሩ ሥር ይሾልካል። ትንሹ ልጄ ቆጥሮ 14 አለ፤ እህቱ ቆጥራ 11 አለች። እኔ 11ን ያዝኩ።

የገረመኝ ከሦስቱ ጠብታዎች አንዱም ከቀዳዳ በታች አለመሆኑ ነው። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ በአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ አንድ ጆግ ውሃ አፈሰስኩ፤ ባለቤቴ ከውስጥ ትመለከታለች። ውሃው በሚስማሩ በኩል ገባ፤ ግን አልወደቀም። የሞራሌውን ሆድ ይዞ ቁልቁል እየተንሸራተተ ሄደና፣ አንድ የእንጨት አንጓ ሲያጋጥመው እዚያ ተጠራቅሞ ጠብ አለ። ከቀዳዳው እስከ ጠብታው አንድ ሜትር ተኩል። ዓምና ሙሉ ክረምት ከሳፋው ትክክል በላይ ያለውን ቆርቆሮ ሳሽገው የከረምኩት በከንቱ ነበር ማለት ነው።

ሰኔ 9

ጎረቤታችን አናጢ ነው፤ ለአንድ ሲኒ ቡና ብሎ ወጣልኝ። ገና ሳይቀመጥ ችግሩን አየው። ሚስማር ከቆርቆሮው ጀርባ፣ ከጉብታው ላይ መመታት ሲገባው፣ ግማሹ ከሰርጓዳው ተመትቷል። ውሃ የሚወርደው በሰርጓዳው ነው፤ የዝናቡ መንገድ መሀል ላይ ቀዳዳ በስቶ መክደን ማለት ነው። በዚያ ላይ ከሚስማሩ ቆብ ሥር ያለው ጎማ በሃያ ዓመት ፀሐይ ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል። ማን እንደመታው አልጠየቀም፤ እኔም አባቴና እኔ መሆናችንን አልነገርኩትም። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሚስማሩ በሰርጓዳው ቶሎ ይገባል፣ መዶሻውም አይነጥርም።

አሠራሩ፦ የድሮውን ሚስማር ነቅሎ ከጎኑ ጉብታው ላይ አዲስ፣ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር መምታት። የድሮውን ቀዳዳ ደግሞ በጋለ ሬንጅ የተነከረ ጨርቅ ለጥፎ መድፈን። ጣሪያ ላይ ሲረገጥ ሚስማር በተመታበት መስመር ብቻ ነው፤ ሥሩ እንጨት አለ። ከመስመር ውጭ ከረገጡ ቆርቆሮው ይጎደጉዳል፣ ጎድጓዳው ውሃ ይቋጥራል፣ የተቋጠረ ውሃ ያዝገዋል።

ስድስቱን በጠዋት ጨረስን። እሱ ወደ ሥራው ሲሄድ አምስቱን ብቻዬን ቀጠልኩ። ሰማዩ መክበዱን አይቼ መቆም ነበረብኝ። ሁለት ብቻ ቀሩኝ ብዬ ቸኮልኩና ካፊያ በነካው ቆርቆሮ ላይ ሬንጅ ለጠፍኩ። ሬንጅ እርጥብ ነገር ላይ አይዝም። ማታ ሁለቱም ጨርቆች ከአጥሩ ሥር ተገኙ፤ ውሻው አንዱን እያኘከ።

ሰኔ 12

ሚካኤል ነው፤ እናቴ መዶሻው እንዳይነሣ ከለከለች። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል፤ ፈተና የማርምበት ቀን አገኘሁ።

የልጆቹ የደንብ ልብስ ከታጠበ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አልደረቀም። በረንዳው ላይ ሲሰጣ ወጨፎ ያገኘዋል፤ ቤት ውስጥ ሲሰቀል ጭስ ይጠጣል። ልጅቷ “አስተማሪያችን ከየትኛው ማጀት ነው የመጣሽው አሉኝ” ብላ አኩርፋለች። ባለቤቴ መፍትሔ አገኘች፦ ልብሱን በደረቅ ፎጣ ጠቅልላ ረግጣ ውሃውን ታስመጥጠዋለች፤ ከዚያ ከተሰቀለ በአንድ ሌሊት ይደርቃል። ፎጣው ግን አይደርቅም።

ሰኔ 18

አሸንዳው ተሰቀለ። ርዝመቱ እንደ ቤቱ 8 ሜትር ነው። ለአንድ ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ ተባልኩ፤ ስለዚህ ጫፉ ከመነሻው በ8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ሲባል ቀላል ነው። በዓይን ለካሁና ሰቀልኩት፤ አንድ ጆግ ውሃ ሳፈስስበት ውሃው ወደ ኋላ ሄደ! የጣሪያው ጠርዝ ራሱ ጠማማ ኖሯል፤ ዓይኔ የለካው ከጠማማው ጋር ነው። ፈትቼ በሲባጎና በውሃ ልክ እንደገና ሰቀልኩት።

ሁለት በርሜሎች በጫፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸው 200 ሊትር ይይዛሉ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ደፋነው። አፋቸውን በአሮጌ ነጠላ ሸፍነናል፤ ትንኝ እንዳይፈለፈልበት፣ የልጆቹ ኳስም እንዳይገባበት። ውሃው ለልብስና ለዕቃ ነው እንጂ ለመጠጥ አልፈቀድንም።

ሰኔ 24

ልጄ የዝናብ መለኪያ ሠራች። ጎኑ ቀጥ ያለ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሜዳ ላይ አስቀምጣ ጠዋት ማስመሪያ ትነክርበታለች። ዛሬ ጠዋት 23 ሚሊ ሜትር ሆነ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በጓሮ በኩል ያለው የጣሪያ ግማሽ 24 ካሬ ሜትር ነው፤ በ23 ሲባዛ 552 ሊትር። በአንድ ሌሊት!

ይህን ሒሳብ ለመምህራን ክፍል ሁሉ አወራሁ። ሁለቱ በርሜሎች ጢም ብለው ሞልተዋል፣ 400 ሊትር። የቀረው 152 ሊትር የት ሄደ የሚል ጥያቄ በአእምሮዬ አልመጣም። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ።

ሐምሌ 2

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ድምፅ ሰማን። የሚያስደነግጥ ድምፅ አልነበረም፤ የተሸከሙትን ጆንያ መሬት ላይ እንደ መልቀቅ ያለ ነው። ባትሪ ይዤ ብወጣ በጓሮ በኩል፣ ከበርሜሎቹ አጠገብ፣ ከግድግዳው ምርጊት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ተንዶ ጭቃ ሆኗል። ማገሩ አፍጥጦ ይታያል።

ጠዋት ምክንያቱን ለማየት ሊቅ መሆን አላስፈለገም። ድሮ ጠፈጠፉ በጣሪያው ርዝመት ሁሉ ተበትኖ ይወርድ ነበር። እኔ በአሸንዳ ሰብስቤ አንድ ጥግ ላይ አመጣሁት። በርሜሎቹ ሲሞሉ የተረፈው ሁሉ በዚያው ጥግ፣ በግድግዳው እግር ፈሰሰ። የድንጋዩ መሠረት ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር ብቻ ነው። የሚወስደው ቦይ ስለሌለ ውሃው እዚያው ተኛ፤ ጭቃው ከሥሩ እየጠጣ፣ እየጠጣ፣ የራሱን ክብደት መሸከም ሲያቅተው ተቀመጠ። እያሳሳቀ ወሰደኝ። ራሴ የሠራሁት ነገር ቤቴን ሲያፈርስ ስምንት ቀን ፈጀበት፤ እኔ በዚያ ጊዜ ሊትር እቆጥራለሁ።

እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች፣ ቆማ አየች። “ቦዩን” አላለችም። ባለች ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ያልወደቀውን ምርጊት አየች። የላይኛው ልስን ስለተላጠ የመጀመሪያው ምርጊት ይታያል፤ ልስኑ እንዲይዝ ተብሎ በጣት የተጫረ ነው፤ አራት አራት ጭረት፣ ጎን ለጎን። በውስጡ ያለው የጤፍ ጭድ ትናንት የታጨደ ይመስላል፤ ወርቃማ ነው። “ይህ የእኔ እጅ ነው” አለች። ያን ጊዜ ግድግዳውን የመረገችው እሷና እህቷ ናቸው። ጣቶቿን በጭረቶቹ ውስጥ ልታስገባ ሞከረች። አልገቡም፤ አንጓዎቿ አብጠዋል። “ምን ያለ ቀጭን እጅ ነበረኝ” ብላ ሣቀችና ቁርስ ልትሠራ ገባች።

ሐምሌ 4

ቦይ። ዶማና አካፋ ከጎረቤት። 9 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ተኩል የራቀ። ወደ ግድግዳው ከተጠጋ በማዳን ፋንታ መሠረቱን ይቦረቡራል። አፈሩ ከላይ ቀይ ነው፤ አንድ ጉልበት ሳይደርስ ጥቁሩ ዋልካ ይጀምራል። ዋልካ ሲርስ ዶማውን ይዞ አይለቅም። አንድ ጊዜ ቆፍሬ ሁለት ጊዜ እጠርጋለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ከታች ያሉት ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሰላምታውን በደንብ ከጨረሱ በኋላ፣ የከብቶቹንና የልጆቹን ደኅንነት ከጠየቁ በኋላ፣ “ልጄ፣ ይህ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?” አሉኝ። ያን ጥያቄ ሰኔ 24 ራሴን ብጠይቅ ኖሮ! ቦዩ በያዘው አቅጣጫ ከሄደ በቀጥታ የሚገባው ከእሳቸው ድንች ማሳ ነው። “አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኩ። አብረን ቆመን አየን። በሁለታችን ድንበር ላይ እስከ መንገዱ ቦይ ድረስ 12 ሜትር ብንጨምር ለሁለታችንም ይጠቅማል፤ የእሳቸውም ጓሮ ውሃ ይቋጥር ነበርና። የልጅ ልጃቸውን ከነዶማው እንደሚልኩልኝ ነገሩኝ።

ሐምሌ 5

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ሥራ የለም፤ ጾሙ ተፈታ፤ ዶሮ ወጥ። ዝናቡ ግን በዓል አያውቅም። ግማሽ የተቆፈረ ቦይ ቦይ አይባልም፣ ኩሬ ነው። ትንሹ ልጄ የወረቀት ጀልባ ሲያንሳፍፍበት ዋለ።

ሐምሌ 8

ቦዩ ከመንገዱ ጋር ተገናኘ። የልጅ ልጅየው ከእኔ በእጥፍ ይቆፍራል፤ አልደበቅኩም። የአሸንዳው ጫፍ በሚወርድበት ቦታ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍን፤ አለዚያ የሚወርደው ውሃ ራሱ ጉድጓድ ይቆፍራል። ከበርሜሎቹ አፍ ደግሞ ትርፉን ወደ ቦዩ የሚወስድ የጎማ ቱቦ ቀጠልኩ። ማታ ዶፍ ወረደ። በባትሪ እያየሁ ቆምኩ፤ ውሃው ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተመትቶ፣ ወደ ቦዩ ታጥፎ፣ እየተገፋፋ በድንበሩ በኩል ወረደ። ባለቤቴ በመስኮት “ልታድር ነው?” ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

ሐምሌ 10

ጭቃ አቦካን። ቀዩን አፈር ብቻ፤ ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የጤፍ ጭድ ጨምረን ልጆቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው በእግራቸው ረገጡት። ክረምቱን በሙሉ “ጭቃ አትርገጡ” ሲባሉ ኖረው “ርገጡ” መባላቸውን መጀመሪያ አላመኑም። በላስቲክ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃው ይለመልማል፣ ይያያዛል።

ሐምሌ 11

ዘነበ። ምንም አልተሠራም።

ሐምሌ 12

ዘነበ። መብራትም የለም።

ሐምሌ 15

መረግን። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች፤ እኔ ጭቃውን በማገሩ መካከል እወረውራለሁ። “አትለጥፈው፣ ምታው!” ትላለች። ልክ ነች፤ ካልተወረወረ ከማገሩ ጀርባ አይዞርም። ከዚያ ጣቶቼን ዘርግቼ ጫርኩት፣ አራት አራት። ልስኑን አሁን አንነካውም። ሥሩ ሳይደርቅ ልስን ከተደረበ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ፤ ለጥቅምት ፀሐይ ቀጠሮ ሰጥተነዋል። እስከዚያ ከጣሪያው ጠርዝ ሸራ አንጠልጥለናል፤ ታችኛው ጫፍ አየር እንዲያስገባ ከግድግዳው ርቆ በድንጋይ ተወጥሯል።

ሐምሌ 17

ዛሬ የሚጻፈው ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ልብስ ለማድረቅ ብለን የከሰል ምድጃ አስገብተን በሩን ዘግተን ነበር። ልጅቷ ራሴን አመመኝ ብላ ወጣች፤ ፊቷ ተለውጧል። በሩንና መስኮቱን ከፈትን፣ ውጭ አየር ላይ አስቀመጥናት፤ ከሰዓት በኋላ ተሻላት። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ተኝቶ የተነፈሰው ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ይህን አውቃለሁ። አውቄም አስገባሁት፤ ልብስ አልደርቅ ብሎ ሲያታክት ሰው የሚያውቀውን ይተዋል። ከዛሬ ጀምሮ ምድጃ ከማጀት አይወጣም። ልብሱ ይርጠብ።

ሐምሌ 23

የማገዶ ነገር። እርጥብ እንጨት የሚነደው በሰው ዓይን ነው። እናቴ ከድሮ የያዘችው ሥርዓት አለ፦ የነገው እንጨት ዛሬ ከምድጃው ዳር ይደረደራል፣ የከነገ ወዲያው ከቆጡ ሥር። ማንም ከተራው ውጭ አንድ ፍልጥ ቢያነሣ ትሰማለች። ኩበቱን ግንቦት ላይ ሰብስባ ቆጥ ላይ ሰቅላዋለች፤ ለማስጀመሪያ ብቻ ይሰጣል፣ እንደ ስኳር ተቆጥሮ።

ትንሹ ልጄ የማዳበሪያ ጆንያ አንዱን ጥግ ወደ ሌላው አስገብቶ እንደ ቆብ ደፍቶ ሱቅ ደርሶ መጣ፤ እናቴ ደግሞ በልጅነቷ ከብት ስትጠብቅ ትለብሰው ስለነበረው ገሳ አወራችለት። ከሣር የተጎነጎነ፣ ከራስ እስከ ወገብ የሚሸፍን፣ ዝናቡ በሣሩ ላይ እየተንከባለለ የሚወርድበት። “ከባድ አልነበረም?” አላት። “ሲርስ ይከብዳል፤ ግን ከሥሩ ተቀምጠህ ቆሎ ትበላለህ” አለችው። አሁን ገሳ ልሥራ ብሎ የጓሮውን ሣር እየነቀለ ነው። አልከለከልኩትም፤ ቦዩ ይጸዳል።

ነሐሴ 2

በረዶ ጣለ፤ የባቄላ ፍሬ የሚያክል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቤት ውስጥ በምልክት ነበር የተግባባነው። በረዶው አሸንዳውን ሞላው፤ ከክብደቱ የተነሣ አንዱ መያዣ ተነቀለ። አሰርኩት። ጣሪያው ግን ያዘ። ልጆቹ አልጋ ላይ ጠብታ የለም፤ ቁም ሳጥኑ ደረቅ ነው። የእናቴ አልጋ ግርጌ ብቻ፣ ጠብ… ጠብ።

ነሐሴ 12

ነገ ቡሄ ነው። ጾም ነው፣ ሙልሙሉ ግን እየተጋገረ ነው። ችቦው እንዳይርስ ከሐምሌ ጀምሮ ከኮርኒሱ በላይ፣ ቀዳዳ ስፈልግ በከፈትኩት በኩል ተቀምጦ ነበር። ሲወጣ ደረቅ፣ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽ ነው። ይህ የጣሪያው እውነተኛ ፈተና ነበር ማለት እችላለሁ፤ አንድ ወር ከሳምንት ቆርቆሮው ሥር የከረመ እንጨት በአንድ ክብሪት ተያያዘ። ጅራፉ ግን ረጥቦ አልጮህ አለ።

ነሐሴ 26

ሦስተኛውን ጠብታ ለመጨረሻ ጊዜ ፈለግሁት። በጆግ ውሃ አፈሰስኩ፣ ሞራሌውን በኖራ ቀብቼ የውሃው መንገድ የት እንደሚጀምር ለማየት ሞከርኩ፣ አናጢው ሁለት ጊዜ ወጣ። ኖራው ላይ የታየው መንገድ ከግድግዳው ራስ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ቀዳዳም የለ፣ ሚስማርም የለ።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ዛሬ የዘነበው ጠበል ነው ተብሎ ልጆቹ እርቃናቸውን ወጡ፤ የሠፈሩ ልጆች ሁሉ እኛ ጓሮ ናቸው፤ ምክንያቱም አሸንዳችን ጫፍ ሥር ቆሞ መታጠብ ሜዳ ላይ ከመቆም ይሻላል። ቱቦውን ነቅለው በርሜሉን ገፍተውታል። ከታች ያሉት አባባም በአጥሩ በኩል መዳፋቸውን ዘርግተው ከጠፈጠፉ ፊታቸውን አበሱ። ድንቻቸው ደኅና ነው።

ከውስጥ እናቴን ጠራኋት፤ አልወጣችም። ገብቼ ሳይ ከአልጋዋ ግርጌ የነበረውን ባልዲ ለሊጡ መልሳዋለች። በቦታው አፈር የሞላ የዘይት ቆርቆሮ አስቀምጣ ጤና አዳም ተክላበታለች። ጠብታው በትክክል ከመሀሉ ላይ ይወድቃል። “ይህችን አትድፈናት” አለችኝ።